«ዛው»፦ ስለ ጥንታዊው የእንግሊዝኛ «አንተ» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሼክስፒርን ተውኔት ወይም በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝኛ ማንበብ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ «ዛው» ከሚለው ቃል ጋር ይገናኛል። ቃሉ ከተለመደው የእንግሊዝኛ ንግግር ከወጣ ብዙ ዘመን ስለሆነው ተማሪዎች፣ ተርጓሚዎችና ግጥም ወዳጆች ስለ ፍቺውና ስለ አገባቡ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት «አንተ»ን፣ «አንቺ»ንና «እርስዎ»ን በየዕለቱ እየለየ ለሚናገር አንባቢ ነው፤ እንዲህ ያለው አንባቢ ይህን ቃል ለመረዳት ከዛሬው እንግሊዛዊ የተሻለ ጆሮ አለው ብዬ አምናለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

«ዛው» ምን ማለት ነው? እንዴትስ ይነበባል?

«ዛው» ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገርና የዓረፍተ ነገር ባለቤት ሆኖ የሚገባ የሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስም ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «አንተ» ወይም «አንቺ» ይሆናል፤ ቃሉ ጾታን ስለማይለይ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከአገባቡ ነው። ተሳቢ ሲሆን ወደ «ዚ» ይለወጣል፤ አገናዛቢው «ዛይ» ነው፤ የሚከተለው ቃል በአናባቢ ሲጀምር ወይም «ያንተ ነው» እንደምንለው ብቻውን ሲቆም ደግሞ «ዛይን» ይባላል። የብዙ ቁጥሩ ባለቤት «ዪ»፣ የብዙ ቁጥሩ ተሳቢ ደግሞ ዛሬ ሁሉንም ጠቅልሎ የያዘው «ዩ» ነበረ።

የመጀመሪያው ድምፅ በአማርኛ የለም። የምላስ ጫፍ በላይና በታች ጥርሶች መካከል ገባ ብሎ «ዝ» ለማለት ሲሞከር የሚወጣው ድምፅ ነው፤ እዚህ «ዛው» ተብሎ የተጻፈው ቅርብ የሆነው ፊደል «ዘ» ስለሆነ ነው።

«ዛው» ከፍ ያለ አክብሮት የሚገለጽበት ቃል ነውን?

አይደለም፤ ከሁሉም የተስፋፋው ስሕተት ይህ ነው። ቃሉን ብዙ ሰው የሚያገኘው በጸሎትና በመዝሙር ውስጥ በመሆኑ፣ በውጭ አገር ያደጉና የጸሎት መጻሕፍትን በእንግሊዝኛ ትርጉም የሚያነቡ ወጣቶች ጭምር፣ «ዛው» የእኛ «እርስዎ» አቻ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በሼክስፒር ዘመን የአክብሮቱ ቃል «ዩ» ሲሆን፣ «ዛው» ደግሞ ለልጅ፣ ለአገልጋይ፣ ለቅርብ ወዳጅ፣ ለፍቅረኛ፣ ለጠላትና ለእግዚአብሔር የሚነገር ነበረ። ዝርዝሩ እርስ በርሱ የማይገናኝ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም አማርኛ ተናጋሪ «አንተ» የሚላቸውን ሁሉ ቢቆጥር ያንኑ ዝርዝር ያገኛል። ልጃችንን «አንተ» እንላለን፤ የልብ ወዳጃችንንም እንዲሁ፤ የተጣላነውን ሰው አደባባይ ላይ «አንተ!» ብለን እንጠራዋለን፤ ፈጣሪንም «ስምህ ይቀደስ» እንለዋለን። አንዱ ቃል ፍቅርንም ንቀትንም የሚሸከመው በሁለቱም ጊዜ በተናጋሪውና በሰሚው መካከል ያለውን አጥር ስለሚያነሣ ነው።

ስድብ ሊሆን ይችል እንደነበር የሚያሳይ በታሪክ የተመዘገበ አጋጣሚ አለ። በኅዳር 1603 ሰር ዋልተር ራሌይ በንጉሥ ጄምስ ላይ አሲሯል ተብሎ በዊንቸስተር ከተማ ፍርድ ፊት ሲቀርብ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሰር ኤድዋርድ ኩክ በቁጣ «አንተ እባብ» ብሎ ከሰደበው በኋላ፣ «አንተ ከሃዲ፣ አንተ እልሃለሁ!» ሲል ጮኸበት። ኩክ የተጠቀመው «ዛው»ን እንደ ግሥ አድርጎ ነው፤ በዘመኑ እንግሊዝኛ ሰውን «ዛው» ማለት፣ በእኛም «አንተ ማለት» እና «አንቱ ማለት» እንደሚባለው፣ ራሱን የቻለ ድርጊት ነበረ። ከዚያ ችሎት ቀደም ብሎ በመድረክ በታየው «ዐሥራ ሁለተኛው ሌሊት» በተሰኘው የሼክስፒር ተውኔት ውስጥም፣ ሰር ቶቢ ለጠብ የሚጋብዝ ደብዳቤ ለሚጽፍ ወዳጁ፣ ባላንጣውን ሦስት ጊዜ ያህል «ዛው» ቢለው መልካም እንደሆነ ይመክረዋል። ተመልካቹ ምክሩን ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለገውም።

«ዩ» የብዙ ቁጥር ሆኖ ሳለ እንዴት የአክብሮት ቃል ሊሆን ቻለ?

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ልዩነቱ የቁጥር ብቻ ነበር፤ ንጉሡም ባሪያውም አንድ ሰው እስከሆኑ ድረስ ሁለቱም «ዛው» ይባሉ ነበር። እንዲያውም ለሁለት ሰዎች ብቻ የሚነገር «ጊት» የተባለ ሌላ ተውላጠ ስም ነበረ፤ እርሱ ግን ቀደም ብሎ ጠፍቷል። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቤተ መንግሥቱና ችሎቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆኑ፤ በፈረንሳይኛ ደግሞ ታላቅን ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት ደንብ ነበር። ከ13ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ይህ ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ገባ፤ በ1400 ያረፈው ገጣሚ ጄፍሪ ቾሰር በካንተርበሪ ተረቶቹ ውስጥ ሁለቱን ቃላት በማዕረግ እየለየ ይጠቀምባቸዋል።

አንድን ሰው በብዙ ቁጥር ማክበር ለእኛም እንግዳ አይደለም። «እነርሱ መጡ» እና «እርስዎ መጡ» ስንል፣ እንዲሁም «ይመጣሉ» ስንል፣ ግሡ ለብዙዎችም ለተከበረው አንድ ሰውም ያው ነው።

ሼክስፒር ቃሉን ለምን ዓላማ ይጠቀምበታል?

ሼክስፒር የጻፈው «ዩ» በመኳንንቱና በከተሜው ዘንድ የተለመደ መደበኛ ቃል በሆነበት፣ «ዛው» ግን ገና በሕይወት በነበረበት ዘመን ነው። ስለዚህ በአንድ ንግግር ውስጥ ገጸ ባሕርዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ አንባቢው ቆም ብሎ ምን እንደተለወጠ መጠየቅ አለበት። ቃሉ በአንድ ቦታ ላይ ካለው ፍቺ ይልቅ ቅያሪው የበለጠ ይናገራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ በሐምሌት ሦስተኛ ገቢር አራተኛ ትዕይንት ውስጥ ይገኛል። ንግሥት ገርትሩድ ባሏ በሞተ ጥቂት ጊዜ ውስጥ የሟቹን ወንድም አግብታለች፤ ልጇ ሐምሌትም አዲሱን ንጉሥ በማስቆጣቱ ወደ ክፍሏ ጠርታዋለች። «ዛው» እያለች፣ «ሐምሌት፣ አባትህን እጅግ አስቀይመሃል» ትለዋለች፤ አባት የምትለው እንጀራ አባቱን ነው። ሐምሌት የእርሷኑ ዓረፍተ ነገር መልሶ ይወረውርላታል፤ ተውላጠ ስሙን ግን ወደ «ዩ» ይለውጠዋል፦ «እናቴ፣ እርስዎ አባቴን እጅግ አስቀይመዋል።» እርሱ አባት የሚለው የሞተውን ነው። አክብሮቱ በሰዋስው ረገድ ምንም እንከን የለውም፤ ነገር ግን ከማንኛውም ስድብ የከበደ ነው፤ ልጅ እናቱን በሥርዓት ከራሱ አርቆ አቁሟታልና። ከዚያ የሚመጣውን ብዙ አንባቢ ሳያስተውል ያልፈዋል፤ ንግሥቲቱ ወዲያው «ዛው» ማለቷን ትታ እርሷም «ዩ» በማለት ምላሱ ከንቱ እንደሆነ ትነግረዋለች። እናት ልጇን በድንገት «እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ» ስትል የሚሰማው ቅዝቃዜ ምን እንደሆነ በአማርኛ ያደገ ሰው ያውቀዋል። በአራት አጫጭር ስንኞች ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሲፈርስ የሚታየው በተውላጠ ስም ብቻ ነው፤ የዛሬው እንግሊዛዊ ተመልካች ግን ሁለቱንም ወገን በአንድ ቃል መጥራት ስለለመደ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይሰማም።

ተቃራኒው አቅጣጫ በንጉሥ ሊር ውስጥ ይታያል። ሊር ታማኝ ልጁን ኮርዴሊያን ሲክዳት ኬንት የተባለው መኳንንት ጣልቃ ይገባል። ንግግሩን የሚጀምረው ንጉሡን በማዕረጉ እየጠራ፣ እንደ አባት እንደወደደውና እንደ ጌታ እንደተከተለው እየመሰከረ ነው፤ ሊር አልሰማ ሲለው ግን «አንተ ሽማግሌ፣ ምን ልታደርግ ነው?» ይለዋል፤ እዚህ ላይ ያለው ቃል «ዛው» ነው። አንድ ሹም በአደባባይ ንጉሡን «አንተ» ማለቱ ብቻውን ለሞት ሊያበቃው የሚችል ድፍረት ነው፤ ኬንት ይህን የሚያደርገው ግን ንጉሡን ስለናቀ ሳይሆን ሊያድነው ስለፈለገ ነው።

የፍቅሩ አገባብ ደግሞ «ማች አዱ አባውት ናሲንግ» በተባለው ኮሜዲ አራተኛ ገቢር ውስጥ ግልጽ ነው። ቤነዲክና ቢያትሪስ በአሽሙር ሲወጋጉ ከርመው በመጨረሻ ፍቅራቸውን ይገልጻሉ። ቤነዲክ መጀመሪያ በ«ዩ» ከተናገረ በኋላ ወደ «ዛው» ይሻገራል፤ ቢያትሪስ ግን በ«ዩ» ትጸናለች፤ ስሟ በሐሰት የጠፋውን የአጎቷን ልጅ ጉዳይ ሳያስፈጽምላት አጥሩን ለማንሣት ዝግጁ አይደለችም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር ቢኖር እያንዳንዱ ቅያሪ ምሥጢር አለው ብሎ አለመድረቅ ነው። አንዳንድ ጊዜ ምርጫውን የሚወስነው የስንኙ ምት ወይም ቤት መምቻው ነው፤ በአንድ ንግግር ውስጥም ሁለቱ ያለ ግልጽ ምክንያት ተደባልቀው የሚገኙበት ቦታ አለ።

ታዲያ እግዚአብሔር በ«ዛው» የሚጠራው ለምንድን ነው?

ዊሊያም ቲንዴል አዲስ ኪዳንን ከግሪክኛ ተርጉሞ በ1526 ሲያሳትም፣ ግሪክኛው በነጠላ የተናገረውን ሁሉ በ«ዛው»፣ በብዙ የተናገረውን በ«ዪ» እና በ«ዩ» መለሰ። የግሪክኛውና የዕብራይስጡ ልዩነት የቁጥር እንጂ የማዕረግ ስላልነበረ፣ በእንግሊዝኛውም እግዚአብሔር፣ ፈርዖን፣ ጲላጦስና ለማኙ ሁሉም በነጠላ ይጠራሉ። የ1611ዱ ትርጉም ይህን ወረሰ። በኋላ ቃሉ ከገበያና ከቤት ጠፍቶ በቤተ ክርስቲያን ብቻ ሲቀር፣ ትውልዱ የተቀደሰ ቃል አድርጎ ይሰማው ጀመር። በ1952 የወጣው የተሻሻለው መደበኛ ትርጉም «ዛው»ን ለሰዎች አስቀርቶ ለእግዚአብሔር ብቻ መያዙ የዚህ የተለወጠ ስሜት ውጤት ነው፤ በ1989 የተተካው አዲሱ እትም ግን ለእግዚአብሔርም ሳይቀር ትቶታል።

ጥንታዊው አከፋፈል ለንባብ ያለው ጥቅም ግን እውነተኛ ነው። በሉቃስ ወንጌል 22፥31 እና 32 ጌታ ለስምዖን ሲናገር፣ ሰይጣን «ሊያበጥራችሁ ለመነ፤ እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ» ይላል። ፈተናው የሁሉም ደቀ መዛሙርት ሲሆን ምልጃው ለጴጥሮስ ለብቻው ተነግሯል፤ የ1611ዱ እንግሊዝኛ ይህን በ«ዩ» እና በ«ዚ» ይለያል፤ ዛሬ ባለው እንግሊዝኛ ግን ሁለቱም «ዩ» ስለሚሆኑ ልዩነቱን ለማሳየት ተርጓሚዎች «ሁላችሁን» የሚል ቃል መጨመር ወይም የግርጌ ማስታወሻ መጻፍ ግድ ይሆንባቸዋል። በዮሐንስ 3፥7 ላይም «ዳግመኛ ልትወለዱ ያስፈልጋችኋል ስላልሁህ አታድንቅ» የሚለው ቃል፣ ለኒቆዲሞስ ብቻ የተነገረ ቢሆንም ግዴታው የሁሉም እንደሆነ በግሡ ቅርጽ ያሳያል። የአማርኛ አንባቢ ይህን ያለ ምንም ድካም ያገኘዋል።

ኩዌከሮች «ዛው» በማለታቸው ለምን ተሰደዱ?

በ17ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በጆርጅ ፎክስ ስብከት የተነሡት ኩዌከሮች የተባሉ የክርስትና እምነት ተከታዮች፣ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ስለሆነ አንድን ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት ውሸትም ከንቱ ውዳሴም ነው ብለው አመኑ። በዚህም መሠረት ዳኛውንም የመሬት ጌታውንም «ዛው» ይሉ ነበር። ባርኔጣቸውን አናነሣም ከማለታቸው ጋር ተዳምሮ ይህ እንደ ንቀት ተቆጠረባቸው፤ ተደበደቡ፣ ታሰሩም። አንድ ድሃ ገበሬ ፍርድ ቤት ቆሞ ዳኛውን «አንተ» ቢለው ምን ሊከተል እንደሚችል ማሰብ የድፍረታቸውን መጠን ያሳያል። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ልጆቻቸው በኋላ «ዛው»ን ትተው ተሳቢውን «ዚ»ን በባለቤትነትም መጠቀም ጀመሩ።

ቃሉ ለምን ጠፋ? ዛሬስ የሚናገረው ሰው አለን?

ለመጥፋቱ ዋናው ምክንያት ተደርጎ የሚቆጠረው የማዕረግ ጥርጣሬ ነው። ከተማ ውስጥ ነጋዴውና የመኳንንት ወገኑ በልብስም በገንዘብም መቀራረብ ሲጀምሩ፣ የማያውቁትን ሰው «ዛው» ብሎ ከመሳሳት ሁሉንም «ዩ» ማለት የማያስቀይም ምርጫ ሆነ። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ «ዛው» ከመደበኛው ንግግር በአብዛኛው ወጥቷል። ውጤቱም እንግሊዝኛ በአክብሮት ምክንያት ነጠላ ቁጥሩን ያጣ ቋንቋ መሆኑ ነው።

በሰሜን እንግሊዝ፣ በተለይም በዮርክሻየርና በላንካሻየር፣ «ዛ» በሚል አጠር ያለ ቅርጽ በአዛውንቶች አንደበት ቆይቷል። በዚያ አካባቢ ታላቁን የደፈረ ልጅ የሚገሠጽበት አባባል አለ፤ በግርድፉ «እኔን ዛ አትበለኝ፤ ዛ የሚልህን ዛ በለው» ማለት ነው። «አንተ አትበለኝ» ብሎ የተቆጣ አባት ያለው ቤት ይህን ተግሣጽ ያውቀዋል።

ከሼክስፒር በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ለምን ተጠቀሙበት?

የ19ኛው ምዕተ ዓመት ገጣሚዎች የያዙት በዋናነት ለጥሪ ነው። ጆን ኪትስ የግሪክን ማሰሮ፣ ፐርሲ ሼሊ የምዕራብን ነፋስና በሰማይ የምትዘምረውን ወፍ የሚያናግሩት በ«ዛው» ነው፤ እኛ በግጥም «ሆይ» ብለን ግዑዙን ነገር ሰሚ እንደምናደርገው ማለት ነው። ሄርማን ሜልቪል በ1851 ባሳተመው የዓሣ ነባሪ አዳኞች ታሪክ ውስጥ ቃሉን በናንተኬት ደሴት ኩዌከር ካፒቴኖች አፍ ላይ ያኖረዋል። ኧርነስት ሄሚንግዌይ ደግሞ በ1940 ስለ ስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በጻፈው ልብ ወለድ፣ የሽምቅ ተዋጊዎቹ በስፔንኛ የሚነጋገሩበትን የቅርበት «አንተ» ለእንግሊዝኛ አንባቢ ለማሰማት «ዛው»ን ከመቃብር አስነሥቶታል። ሐሳቡ ትክክለኛ ነበር፤ ሆኖም ለብዙ አንባቢ የተሰማው የመጽሐፍ ቅዱስ ክብደት እንጂ የጓዳ ቅርበት አልነበረም።

ተመሳሳይ ችግር የገጠመው የማርቲን ቡበር የ1923 የጀርመንኛ ፍልስፍና መጽሐፍ ነው። በ1937 የወጣው የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ትርጉም በርእሱ «ዛው» ብሎ ነበር፤ በ1970 እንደገና የተረጎመው ዋልተር ካውፍማን ግን ጀርመንኛው ቃል ወዳጅ ለወዳጁ የሚለው ተራ ቃል እንደሆነ ተከራክሮ፣ ርእሱን እንዳለ ትቶ በውስጥ ገጾቹ «ዩ» አድርጎታል። እኔ ከካውፍማን ጋር እስማማለሁ።

በዚህ ቃል ለመጻፍ የሚሞክር ሰው ምን ምን ይሳሳታል?

አንደኛው ስሕተት የግሥ እርባታ ነው። ከ«ዛው» ጋር የሚሄደው ግሥ በ«ስት» ወይም በ«ኤስት» ያበቃል፤ «ዛው ሃስት»፣ «ዛው ደስት»፣ «ዛው ካንስት» ይባላል፤ «ዛው አርት»፣ «ዛው ሻልት» እና «ዛው ዊልት» ደግሞ ከደንቡ የወጡ ናቸው። እንደ «ሃዝ» እና «ደዝ» ያሉት፣ በምላስና በጥርስ መካከል በሚወጣ ድምፅ የሚያበቁት ጥንታዊ ግሦች የሦስተኛ መደብ ስለሆኑ ለ«እርሱ» እና ለ«እርሷ» ብቻ ያገለግላሉ። ሌላው ስሕተት «ዛው»ን ለብዙ ሰዎች መናገር ነው።

በድሮ መልክ በተሠሩ የሱቅ ማስታወቂያዎች ላይ የሚታየው «ዪ ኦልድ» ከተውላጠ ስሙ «ዪ» ጋር ዝምድና የለውም። እዚያ ያለው «ዪ» መስተአምሩ «ዘ» ነው፤ ለመጀመሪያው ድምፅ የነበረው ጥንታዊ ፊደል በማተሚያ ቤቶች ስላልነበረ በሚመስለው ፊደል ተተክቶ ቀርቷል።

ጁልየት «ዌርፎር አርት ዛው ሮሜዎ» ስትል ሮሜዎን የት እንዳለ እየጠየቀች ነውን?

አይደለችም። «ዌርፎር» ማለት «ስለ ምን» ማለት ነው። የምትጠይቀው ከጠላት ቤተሰብ ተወልዶ ሮሜዎ የተባለበትን ምክንያት ነው።

«ዛው» ወደ አማርኛ እንዴት ይተርጎም?

ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልዬትን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ሐምሌትን ወደ አማርኛ መልሰዋል፤ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣ ተርጓሚ ሁሉ ይህ ጥያቄ ይጠብቀዋል። «ዛው»ን ሁልጊዜ «አንተ»፣ «ዩ»ን ሁልጊዜ «እርስዎ» ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በ1600 አካባቢ «ዩ» በመኳንንት ወዳጆችና በባልና ሚስት መካከል እንኳ ያለ ልዩ አክብሮት የሚነገር ስለነበረ፣ እንዲህ ያለው ትርጉም የቅርብ ሰዎችን እንደ እንግዳ ያናግራቸዋል። መተርጎም ያለበት ቅያሪው ነው፤ ገጸ ባሕርዩ በቃሉ ወደ ሰሚው የቀረበበት ወይም ከሰሚው የራቀበት ቦታ በአማርኛም መሰማት አለበት።

ከዚህ የሚከብደው የጾታው ጉዳይ ነው። በ1609 ከታተሙት 154 የሼክስፒር ሶኔቶች መካከል 18ኛው፣ «ከበጋ ቀን ጋር ላነጻጽርህን?» ወይም «ላነጻጽርሽን?» ብሎ ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛው ያለው «ዚ» ወንድ ይሁን ሴት ግጥሙ ውስጥ አንድም ምልክት የለም። አማርኛ ግን በመጀመሪያው ግሥ ላይ ውሳኔ ይጠይቃል። «እርስዎ» ጾታን ስለማይለይ መሸሸጊያ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የፍቅሩን ቅርበት ስለሚገድል አያገለግልም። ግጥሙን ለብቻው የሚተረጉም ሰው «አንቺ» ቢል ቃሉን አልጣሰም። መድበሉን በሙሉ የሚተረጉም ግን፣ በተለመደው አከፋፈል መሠረት የመጀመሪያዎቹ 126 ሶኔቶች የተጻፉት ለአንድ ወጣት ወንድ፣ ከ127ኛው እስከ 152ኛው ያሉት ደግሞ ስለ አንዲት ጠይም ሴት ስለሆነ፣ 18ኛውን በ«አንተ» ጀምሮ ወደ «አንቺ» የሚዞርበትን ቦታ እስከዚያ ድረስ ማቆየት ይኖርበታል።